አባወራው ውሻ

ውሻው ቤታችን የገባው በመኪና የኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ አባቴ በር ከፍቶለት ነው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከዚያ ይመስለኛል።

አባቴ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ሹፌር ነበር። አለቃው የነበሩት ፈረንጅ ውላቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ጥጃ የሚያህለውን የጀርመን ውሻቸውን ለእሱ ትተውለት ሄዱ። ከእሱ በላይ ውሻውን የሚያውቀው የለም ብለው ነው፤ አልተሳሳቱም። አባቴ ያንን ውሻ ወደ እንስሳት ሐኪም ሲያመላልስ፣ ሱሉልታ ለሽርሽር ሲወስድ፣ መስኮት ሲከፍትለትና ሲዘጋለት ኖሯል። ከኋላ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ደግሞ ሹፌር የሆነ ሁሉ ያውቃል። ውሻውም ያውቃል።

ቤታችን መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ ጥግ ጥጉን ጌሾ፣ በረንዳ ያለው ሦስት ክፍል ቤት። ታላላቆቼ አግብተው ስለወጡ የቀረነው አባቴ፣ እናቴና እኔ ነበርን። እኔ በዚያ ዓመት ማትሪክ ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ስለዚህ "ቤት ተቀመጠች" ይሉኝ ነበር። ይሄ ውሸት ነው። እኔ መቀመጥ የሚባል ነገር አልችልም። ጠዋት ግቢውን ጠርጌ፣ ውሃ ቀድቼ፣ ሱቅ ደርሼ ስመለስ ገና ሦስት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን የማደርገውን አጥቼ ከበር በረንዳ፣ ከበረንዳ በር ስመላለስ እናቴ "ልጄ፣ ያዞርሻል፣ እኔንም አዞርሽኝ" ትለኝ ነበር። ውሻው በዚህ መሃል ነው የመጣልኝ። "ይሄ የኔ ነው" አልኩ በሆዴ። ማንም አልተከራከረኝም፤ ማንም አልፈለገውማ።

መጀመሪያ ቀን አባቴ መኪናውን አቁሞ ገብቶ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ውሻው ሳሎን ገብቶ ፊቱ ቆመና አየው። አባቴ ብድግ ብሎ፣ ለሽማግሌ እንደሚባለው፣ "ኖር!" አለው። ቀልዱን ነበር፤ እኔም እናቴም ሳቅን። ችግሩ ቀልዱን ሲል ከምሩ መነሳቱ ነው። ውሻው ሶፋው ላይ ወጣና ተጋደመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ጌታ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ዜና የሚያይ ሆነ።

"አስወርደው እንጂ" አለችው እናቴ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ "ሲት ዳውን፣ ፕሊስ" አለው።

ፕሊስ! ለውሻ! አለቃው ፊት የለመደው አነጋገር ነው ያመለጠው። ውሻው አንዱን ዓይኑን ከፈተና መልሶ ጨፈነው።

ወደ ውጪ ሳወጣው ደግሞ ሌላ ጉድ። ሰንሰለቱን እጄ ላይ ጠምጥሜ ከግቢ እንደወጣን እሱ ወደ ዋናው መንገድ ይነጉዳል፣ እኔ በነጠላ ጫማ ከኋላው እየተንሸራተትኩ እከተላለሁ። የመስከረም ጭቃ ገና አልደረቀም። አንድ ቀን ታክሲዎቹ የሚቆሙበት ጋ እየጎተተ ሲያሳልፈኝ አንድ ወያላ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አየኝ።

"እህት፣ ወራጅ አለ በይው!"

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔም ብናደድም ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም እውነቱን ነው። ውሻው ሹፌር፣ እኔ ተሳፋሪ።

ሰፈሩ ምክር አላነሰውም። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ሚጥሚጣ አብሉት አለች። ሚጥሚጣ የሚበላ ውሻ ሰው ይበላል ትላለች፤ ሰው እንዲበላ የፈለገ ማን እንደሆነ ግን አልነገረችንም። ሌላው ጆሮውን ቁረጡት አለ። የአባቴ ጓደኞች በአንድ ድምፅ ዱላ ነው አሉ። አባቴ ከሁሉ ምክር መርጦ ዱላውን ያዘና አንድ ጠዋት ከሶፋው ሊያስወርደው አነሳበት። ውሻው ዱላውን ከእጁ ነጥቆ ግቢ ወሰደና እየተዝናና ሰባበረው። ከዚያ በኋላ ዱላ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር የአንገቱ ፀጉር ይቆማል፣ ከጉሮሮው እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ይወጣል። የተረፈን ይሄ ነው።

እናቴ ታግሳ ታግሳ በጥቅምት መጀመሪያ ፈነዳች። አንድ ቀን ለማኅበሩ ጠላ የምትጠምቅበትን እንስራ አጥና ልትገባ ስትል ውሻው በሩ ላይ ተሻምቶ ገፈተራት። እንስራው ተረፈ፣ እናቴ ተረፈች፣ ትዕግስቷ ግን አልተረፈም። ኅዳር አምስት የአቦ ማኅበር ተራው የኛ ነው። ካህኑ ይመጣሉ፣ ማኅበርተኛው በሙሉ ይመጣል፣ ጽዋው ቤታችን ይገባል። ውሻ ጽዋ ያለበትን ደፍ ከረገጠ ወይ ከማኅበርተኛ አንዱን ካስደነገጠ እሷ ሰው ፊት አትቆምም። አባቴ ወዲያውኑ መፍትሔ አመጣ። ለቡ ቤት የሚያሠራ ወዳጅ ነበረው፤ ሲሚንቶና ብረት እየተሰረቀ አስቸግሮታል፣ ትልቅ ውሻ ይፈልጋል። ውሻውን ለእሱ እንስጠው አለ።

እዚያ የሚጠብቀውን አውቀዋለሁ። ሜዳ ላይ፣ ከብረት ክምር ጋር በአጭር ሰንሰለት፣ ቀንና ሌሊት። እኔንም የሚጠብቀኝን አውቃለሁ፤ እንደገና ከበር በረንዳ፣ ከበረንዳ በር። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ በመጨረሻ ተከራከርኩ፤ ከሦስቱ የሚዋጣልኝ ሦስተኛው ነው። እናቴ በመጨረሻ እንዲህ ስትል ቆረጠች፤ እስከ ማኅበሩ ይቆይ። በማኅበሩ ቀን ጨዋ ከሆነ ይኖራል። አንድ ሰው ካስደነገጠ በማግስቱ ለቡ። አባቴም ለወዳጁ በማግስቱ መጥተህ ውሰድ ብሎ ቃል ሰጠው። ይሄ ምን ያህል እንዳመነብኝ ያሳያል።

እንግዲህ ያለኝ ጊዜ ጥቂት፣ የማውቀው ምንም። መላው የመጣልኝ ርቦኝ እያለ ነው።

ምሳ ሰዓት ነው። እናቴ ከሉካንዳ ያመጣችውን ሳንባ ቀቅላ፣ ፍርፋሪ አርሳበት፣ በትልቁ ሳህን ለውሻው ይዛ ወጣች። እኛ መሶቡን ከበን እንጠብቃለን። ሲጀመር አባቴ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ይቀድማል ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ካልቀደመ እየጮኸ አያስበላንም ተባለና እንደዚያው ቀረ።

"በዚህ ቤት ሰው የሚበላው ከውሻ ቀጥሎ ነው?" አልኩ ተናድጄ።

እናቴ ዝም በይና ብዪ አለችኝ። ያልኩት ነገር ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እውነት እኮ ነው። ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። በር ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው እሱ፣ ቀድሞ የሚወጣው እሱ። ሲመጣ የምንነሳለት ለእሱ። ሁላችንም ዝቅ ብለን ተቀምጠን ከፍ ያለው ላይ የሚጋደመው እሱ። እኛ ቤት ደግሞ ቀድሞ የሚቀርብለት፣ የሚነሱለትና መንገድ የሚለቀቅለት ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። እኔ ውሻ ብሆንና እንደዚህ ቢያደርጉኝ ራሴን ምን ብዬ እጠራለሁ? አባወራ ብዬ ነዋ! ውሻው ባለጌ አልነበረም። ሥርዓታችንን በደንብ አጥንቶ፣ በሰጠነው ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ከዚያ ቦታ አውርጄ ልጅ ላደርገው ወሰንኩ። የኛ ቤት ልጅ። በልጅነቴ እኔ ላይ የወረደውን ሁሉ አወረድኩበት። ትልቅ ሰው ሲበላ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ዓይኑንም መሶብ ላይ አይተክልም፤ እሱም ሳሎን ደጃፍ ጆንያው ላይ ይተኛል። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አያቋርጥም፤ እሱም በሩ ላይ እኛ እስክናልፍ ይቆማል። ልጅ ወንበር ይለቃል። ሶፋው ላይ እንዳይወጣ የእናቴን ሰፌዶች ገልብጬ ደረደርኩበትና አባቴ ሲመጣ አነሳሁለት። ልጅ የሚበላው ከሁሉ በኋላ፣ "ብላ" ሲባል ነው። በልጅነቴ ይሄ ሁሉ ግፍ ይመስለኝ ነበር። ከሌላው ጫፍ ሲይዙት ግን ምንም አይልም፤ እንዲያውም ደስ ይላል።

መጀመሪያ ላይ ጮኸ። ጆንያውን ቀደደ። ተነስቶ በር ይገፋል፣ እመልሰዋለሁ፤ ይገፋል፣ እመልሰዋለሁ። ግትርነት እንደሆነ አላንስም። እየቆየ ምሳ ሰዓት ላይ ጆንያው ላይ መተኛት ለመደ። ግን አንድ ነገር አልሆን አለኝ። እኛ ስንበላ በአባቴ በኩል ተስቦ ተስቦ ይጠጋና መሶቡ ሥር ይገባል። እኔ እመልሰዋለሁ፣ ዞር ስል ተመልሷል። አባቴ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

"አባዬ፣ እጅህን አሳየኝ።"

"ምን አደረግኩ?"

"ወጥ አለበት።"

"እየበላሁ ነዋ፣ ምን ይኑርበት?"

"የምትበላው በቀኝህ ነው። ግራህ ምን ሲሠራ ነው ወጥ የነካው?"

እናቴ በሳቅ ትን አላት። አባቴ ግራ እጁን አገላብጦ አየውና፣ የውሻውን ዓይን ሲያይ ጊዜ አንጀቱን በላው እንጂ ሊያጎርሰው አስቦ እንዳልነበር ማስረዳት ጀመረ። ያን ቀን የገባኝ፣ ከውሻው ይልቅ የሚያስቸግረኝ አባቴ መሆኑ ነው። ለዓመታት በር ሲከፍትለት የኖረ ሰው በአንድ ወር ልብ አያገኝም። ስለዚህ እሱንም አሠለጠንኩት። መሶቡን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ፣ ግራ እጁ በኔ በኩል እንዲሆን አስቀመጥኩት። አጉረመረመ፣ ግን ተቀመጠ።

ሌላው እንቅፋት እኔው ራሴ ነበርኩ። "ተቀመጥ" እላለሁ፤ ሳይቀመጥ "ተቀመጥ፣ ተቀመጥ አልኩህ እኮ፣ አንተ አትሰማም፣ ተቀመጥ!" እያልኩ እዞረዋለሁ። እሱ ጨዋታ መስሎት ይዞረኛል። ሁለታችን ግቢ ውስጥ እንደ እሽክርክሪት። እናቴ ኩሽና ሆና ጩኸቱ ሲሰለቻት አንገቷን አወጣች።

"አንቺ ልጅ፣ አንዴ ተናገሪና አርፈሽ ቁሚ። ስትለፈልፊ እንኳን ውሻ እኔም አልሰማሽ።"

ልታሠለጥነኝ ብላ አይደለም፣ ዝም ልታሰኘኝ ነው። ግን እናቴ እንደዚያ ናት፤ አንዴ ነው የምትናገረው። ሁለተኛ ስትናገር የሰማ የለም፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ቁንጥጫ ነው። ሞከርኩት። "ተቀመጥ" አልኩና ቆምኩ። እግሬ ይበላኛል፣ ምላሴ ይበላኛል፣ አልተንቀሳቀስኩም። ውሻው ዞረ፣ አሸተተኝ፣ ፊቴን አየ፣ ምን እንደነካኝ ግራ ገባው። ከዚያ ቀስ ብሎ ቂጡን መሬት አስነካ። በሕይወቴ ዝም ብዬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። አባቴ ከጓሮ እንሰረው አለ። እንቢ አልኩ። ታስሮ ከዋለ ሲጮህ ይውላል፣ ጸሎቱንም ይረብሻል። በረንዳው ጥግ፣ ጆንያው ላይ፣ ሰው እያየው ይተኛል አልኩ። እናቴ አየችኝ። "ደፉን ከረገጠ..." አለችና አልጨረሰችውም፤ መጨረስ አላስፈለጋትም።

ማኅበርተኛው መግባት ጀመረ። በረንዳው ላይ ያለውን ፍጥረት ሲያዩ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው በግድግዳው ታከው ያልፋሉ። ካህኑ ደረጃው ላይ ቆም ብለው አዩትና አቦ ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖሩ ጻድቅ ናቸው፣ በስማቸው ማኅበር ላይ አንድ ውሻ ምን አላት ብለው ገቡ። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። እኔ ውሃ እያስታጠብኩ፣ ጠላ እየቀዳሁ፣ በየመሃሉ በመስኮት አየዋለሁ። ተኝቷል። የዶሮ ወጥ ሽታ አፍንጫው ላይ እየተመላለሰ፣ ምራቁ ጆንያው ላይ እየወረደ፣ ግን ተኝቷል።

ሰዓቱ ደርሷል ብለው ካህኑ ጸሎት ጀመሩ። ሰው በሙሉ ቆመ። እኔ ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር፣ ከሴቶቹ ኋላ ተጣብቄ ቀረሁ። እናቴ ጧፍ ይዛ በሩ ጋ ቆማለች። አቡነ ዘበሰማያት ሲጀመር የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

ያልመጡት የማኅበሩ ሙሴ ነበሩ፣ ማኅበሩን የሚመሩት አዛውንት። ረጅም ሰው ናቸው፣ ካፖርት ለብሰዋል፣ ዘግይተዋል፣ ስለዘገዩም ይቸኩላሉ። በቀኝ እጃቸው ከዘራ ይዘዋል። እየተራመዱ ከዘራውን ወደ ፊት ወደ ፊት ያወዛውዙታል።

ውሻው ተነሳ።

የአንገቱ ፀጉር ሲቆም በመስኮቱ ታየኝ። ያ የወፍጮ ድምፅ ተጀመረ። ሙሴው አልሰሙም፣ ጆሯቸው ይከብዳል፤ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገዋል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ግን ቤቱ በሙሉ "ትምጻእ መንግሥትከ" እያለ ነው፣ በዚህ መሃል "ተቀመጥ!" ብዬ ልጩህ? ልሂድ ብልም ፊቴ የነጠላ ግንብ ነው። ለቡ፣ የብረቱ ክምር፣ ሰንሰለቱ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ።

እናቴ አንገቷን ብቻ መለሰች።

አፏ ጸሎቱን አላቋረጠም። ጧፉም አልተነቃነቀም። ዓይኗን ብቻ ጣለችበት። ያቺን ዓይን አውቃታለሁ። እንግዳ ፊት ብስኩት ሁለተኛ ላነሳ ስል፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ ስገባ የምትመጣ ዓይን ናት። ቁጣም አይደለችም፣ ጩኸትም የላትም፤ እንግዳው ሲሄድ እንተያያለን ትላለች። አራታችንን ልጆቿን ያሳደገችን በእሷ ነው። እኔ ራሴ፣ ያቺ ዓይን ለኔ እንዳልሆነች እያወቅኩ፣ ማንቆርቆሪያዬን አስተካክዬ ያዝኩ።

ውሻው አያት። ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ጠፋ። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ መጀመሪያ ቂጡን፣ ከዚያ ደረቱን፣ በመጨረሻ አገጩን ጆንያው ላይ አሳረፈ። ሙሴው በጎኑ አልፈው፣ ከዘራቸውን በረንዳው ላይ አስደግፈው ገቡና "አሜን" ላይ ደረሱ።

ከጸሎት በኋላ ሲቀመጡ በሩ ላይ ያለው ውሻ የማን ነው ብለው ጠየቁ። አባቴ ፊቱ ነጣ። "ጨዋ ውሻ ነው" አሉ ሙሴው፣ "ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎም አላየኝ።" ማንም አላረማቸውም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ደስም ብሎኛል። ግን አልዋሽም፣ ቅናትም ነበረበት። ያለማመድኩት እኔ፣ ጭቃ ላይ የተጎተትኩት እኔ፣ የታዘዘው ለእሷ! ኋላ ሳስበው ግን ምኑ ይገርማል? ቀድሞ የሚበላ ማን ነው፣ ኋላ የሚበላ ማን ነው እያልኩ ሥርዓት ሳወጣ የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ለአባቴ፣ ለኔ፣ ለሱ ከፍላ የምትሰጠው ግን እናቴ ናት። ውሻው ማን ቀድሞ እንደሚበላ ከማየት አልፎ ማን እንደሚያቀርብ አይቷል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ አልታየኝም።

በማግስቱ የአባቴ ወዳጅ በፒክአፕ መጣ፤ አዲስ ሰንሰለት በእጁ ይዟል። እናቴ ከማኅበሩ በኋላ ስለ ውሻው አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም። አባቴ በር ላይ ቆሞ ቃሉ እንደ ድንጋይ ከብዶት ወዲያና ወዲህ ያያል። ሰው ፊት ቃል ሰጥቷል፤ ቃል ማጠፍ አይሆንለትም። ሰውየው ግቢ ገብቶ ውሻውን አየና ግርማ ሞገሱን አደነቀ። እኔ የውሻውን አንገት አቅፌ መሬት ተቀምጫለሁ። ካስፈለገ አብሬ እሄዳለሁ ብዬ ነው፤ እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እናቴ እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች ከኩሽና ወጣች። ሰውየው ሰላምታ ሰጣት።

"ውሻውን ልወስድ ነበር፣ እትዬ።"

"የትኛውን?"

"ይሄንን ነዋ። ባለቤትዎ ሰጥቶኛል።"

"እሱ የሰጠህ ባለፈው ወር የነበረውን ነው። ሰው የሚገፈትር፣ ሶፋ ላይ የሚተኛ። እሱን ካገኘኸው ውሰደው፣ ቃሉ ቃል ነው። ይሄ ግን እኔ ያሳደግኩት ነው፤ አይሰጥም።"

አባቴ ሳል ያዘው፤ ሳቁን ነው። ሰውየው ሰንሰለቱን እያገላበጠ አባቴን አየው፣ አባቴ ሰማይ ሰማዩን አየ። እኔ ያሳደግኩት! አፌ ድረስ መጣ። ግፈኛ እናት፣ ማን ነው ያሳደገው፣ ማን ነው እጁ በሰንሰለት የተላጠው ልላት ነበር። የውሻውን አንገት እያሻሸሁ ዋጥኩት። ውሻው ይቅርልኝ እንጂ ስሙን እሷ ትውሰድ።

ሰውየው መቼስ ምን ይደረጋል ብሎ ሰንሰለቱን ፒክአፑ ውስጥ ወረወረና ለቡ አካባቢ ቡችላ ያለው ሰው እናውቅ እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ እሱን ኋላ እንነጋገራለን፣ አሁን ከማኅበሩ የተረፈ ጠላ አለ፣ ግባ አለችው። ከዚያ ወደኛ ዞረች።

"ምን ተጋድማችኋል እዚያ? ለእንግዳ መንገድ ልቀቁ።"

አንዴ ነው የተናገረችው። እኔም ውሻውም እኩል ተነሳን።